ነርቩን ሳያወጡ ጥልቅ ቡርቡር መሙላት ይቻላል? ሐኪሙ ካናል ብሎኛል

የሽሮሜዳዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቆሎ ስቆረጥም ከታች በግራ በኩል መንጋጋዬ «ቀጭ» አለ። ድንጋይ መስሎኝ ተፋሁት። ሳየው የራሴ ጥርስ ነው። ከላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረችበት፤ ለካ ውስጡ ተበልቶ አልቋል። አሁን ምላሴ ዕረፍት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱን ሲዳብስ ይውላል።

ሕመሙን ልንገራችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካኝ ዝልል ያደርገኛል። ከዋጥኩት በኋላ ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይተወኛል። ጣፋጭ ሻይም ትንሽ ይጠዘጥዘኛል። ሌሊት እንቅልፌን እተኛለሁ። ካልነካሁት ምንም የለም።

ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ራጁን አየት አደረገና «ነርቭ ጋ ደርሷል፤ ካናል እንሠራና ክራውን እናለብሰዋለን» አለኝ። ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት፣ ከላይም ቆብ ማድረግ ማለቱ ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ምንም አልጠየቀኝም፤ ቀዝቃዛም አላስነካኝም። የሁለቱን ዋጋ ደምሮ ሲነግረኝ ያልታመመው ጥርሴ ሁሉ አመመኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «እኔን ነርቩን ሳያወጡ ሞሉልኝ፤ ይኸው አራት ዓመቴ» ትለኛለች። እውነት እንዲህ የሚባል ነገር አለ ወይስ ለጊዜው ማስታገሻ ነው? 31 ዓመቴ ነው፤ ሌላ በሽታ የለብኝም። የምታውቁ እስቲ።

ካዛንቺስ84
አስነቅይውና ተገላገይ። እኔ ሁለት አስነቅያለሁ። በአንድ ጎን እያኘኩ ይኸው እየኖርኩ ነው።

የደሴ ልጅ
ቅርንፉድ ያዥበት። አያቴ ደግሞ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ታጥነን ነበር፣ ትሉ ይወጣል እያለች። ሙች ስልሽ፣ አንድ ቀን የሆነ ነጭ ነገር ሳህኑ ላይ አይቻለሁ።

የመንጋጋ ጎረቤት
ሰላም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። አፍሽን ሳላይ ፍርድ አልሰጥም፤ ከጻፍሽው ተነስቼ ግን የምለው አለኝ።

ሐኪሙ ሊጠይቅሽ የሚገባውን አንቺ ሳትጠየቂ መልሰሽዋል። ቀዝቃዛው ከተነሳ በኋላ ሕመሙ ስንት ይቆያል? ራሱ ተነስቶ ያማል? ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ሲነክሱበት ያማል? ወዲያው የሚተው ከሆነ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም፤ የሚያስቆጣው ነገር ሲነሳለት ሊድን ይችላል። ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ እየጠዘጠዘ የሚቆይ፣ ሳይነኩት የሚነሳ፣ ሌሊት አልጋ ላይ ቁጭ የሚያደርግ ከሆነ ነገሩ ከብዷል። ጭራሽ ቀዝቃዛ መሰማት ያቆመ ጥርስ ደግሞ «ተሻለኝ» ተብሎ አይደሰቱበትም፤ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ራጅ የጉድጓዱን ጥልቀት ያሳያል፤ ሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱ ተበልቶ እንደሆነም ያሳያል። ነርቩ በሕይወት ይኑር አይኑር ግን ራጅ ላይ አይነበብም። ለዚህ ነው ጥጥ ላይ ቀዝቃዛ ስፕሬይ ነፍተን ጥርሱን የምናስነካው፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ጎረቤት፣ ቀጥሎ የታመመውን። ከዚያ በመስታወቱ እጀታ ቀስ አድርገን እንመታዋለን። ሁሉም ተደምሮ አምስት ደቂቃ ነው። እውነት ለመናገር ወረፋ የበዛ ቀን እኛም የምንዘለው ጊዜ አለ፤ ልክ ነው እያልኩ አይደለም።

ሌላው፣ «ነርቭ» እያልን እንጠራዋለን እንጂ ውስጡ ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው። ደም ሥር አለው። ዙሪያውን ተሰልፈው ዴንቲን የሚሠሩ ሕዋሳትም አሉት፤ ዴንቲን ማለት ከነጩ ሽፋን ሥር ያለው ቢጫው ክፍል ነው። ብልሽቱ እየቀረበ ሲመጣ እነዚህ ሕዋሳት ከውስጥ በኩል ተጨማሪ ግድግዳ ይገነባሉ። የአንቺም ጥርስ ሳታውቂው ሲገነባ ከርሞ ይሆናል። ስለዚህ የባልደረባሽ ነገር እውነት ነው፤ ማስታገሻም አይደለም።

የደሴው ወንድሜ፣ ትል የለም። ጥርስ የሚበላው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው። ቅርንፉድ ግን እውነትም ያደነዝዛል፤ ውስጡ ያለው ዩጂኖል ጊዜያዊ ሙሌት ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ጉድጓድ ግን አይዘጋም። አስፕሪን ድድ ላይ የምታስቀምጡ ካላችሁ ተዉ፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ዝም ብዬ አንባቢ
ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር አልገባኝም። ወንድሜን አንድ ሐኪም «ከታች ትንሽ የተበላ ትቼ ነው የሞላሁት» ብሎታል። የበሰበሰ ነገር ትቶ ከላይ መሸፈን ምን ይሉታል? ርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት አይሆንም? እኔ ብሆን ገንዘቤን አስመልስ ነበር።

የመንጋጋ ጎረቤት
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው «እስከ ጠንካራው ድረስ ጥረግ» ተብሎ ነው።

የተበላ ዴንቲን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከላይ ያለው ርጥብና ለስላሳ ነው፤ በማንኪያ ይታፈሳል። ባክቴሪያው የሞላው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው እንደ ደረቅ ቆዳ የሚላጥ ነው። ከዚያ በታች ያለው ማዕድኑን ያጣ፣ ግን ገና ሊጠነክር የሚችል ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ጎንና ጎኑን እስከ ጠንካራው እናጸዳለን፤ ጠርዙ ላይ ቅንጣት ብልሽት አይቀርም። ከነርቩ ጣሪያ በላይ ባለው ወለል ላይ ግን ያን ቆዳ መሳዩን እንተወዋለን። ጠርዙ ከታሸገ የቀረው ባክቴሪያ ስኳር አያገኝም። ይራባል። ነርቩ ደግሞ ከታች ግድግዳውን ያወፍራል። የቀለሙ ምሳሌህ የሚሠራው ጠርዙ ካልታሸገ ነው፤ ያኔ እውነትም ርጥብ ግድግዳ ነው።

በዴንማርክና በስዊድን 314 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ 2010 ላይ ነው የወጣው። ለአንዱ ቡድን ሁሉንም በአንዴ ጠረጉ። ለሌላው በሁለት ጊዜ ሠሩ፤ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንስተው ዘጉት፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ከፍተው ጨረሱት። በዓመቱ ነርቩ ደህና ሆኖ የተገኘው በሁለት ጊዜ ከተሠራላቸው 74 በመቶ፣ በአንዴ ከተጠረገላቸው 62 በመቶ ነው። በአምስት ዓመት 60 እና 46 ሆነ። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአንዴ ሲጠረግ ነርቩ በብዛት ይጋለጣል።

የሁለት ጊዜው መንገድ እኛ አገር አንድ ጣጣ አለው። ሕመሙ ከተወው ሰው አይመለስም! ጊዜያዊው ሙሌት ተሰብሮ ዓመት ሲሞላው እያበጠ የሚመጣ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ አሁን ብዙዎቻችን ወለሉ ላይ ትንሽ ትተን በዚያው ቀን ቋሚውን እንሞላለን። የአውሮፓ የሥር ሕክምና ማኅበር 2019 ላይ ያወጣው አቋምም ይህን ይቀበላል።

የወንድምህ ሐኪም ትቶ መሙላቱን መናገሩ ራሱ ደግ ነው። ካልነገረው ነገ ሌላ ሐኪም ራጁን አይቶ «ብልሽት ሥር ሞልቶልሃል» ብሎ ይከፍተዋል።

ኢንዶ ሜሪላንድ
ወዳጄ የመንጋጋ ጎረቤት፣ በአክብሮት ልለይ። እኔ አሜሪካ የሥር ሕክምና ስፔሻሊስት ነኝ። የኛ ማኅበር 2021 ላይ ያወጣው አቋም ወደ ሌላው ያደላል፤ ብልሽቱን ሙሉ በሙሉ አንሳ፣ ነርቩ ከተጋለጠም አትፍራ፣ ዓይንህ ይየው ነው የሚለው። ምክንያቱም የሕመም ታሪክ ሁሌ እውነቱን አይናገርም። ሕመም የሌለው ሰው ነርቩ ግማሹ ሞቶ አገኛለሁ፤ ሌሊት ሲጮህ ያደረው ደግሞ ሥሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ደህና ሆኖ አገኛለሁ።

ያ የዴንማርክ ጥናት ላይ የተጋለጡት ነርቮች የተሸፈኑት በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በዓመቱ የዳኑት ሲሶ ገደማ ነበሩ። ያ መድኃኒት ይሟሟል፤ ከጥርሱ ጋር አይጣበቅም። ዛሬ እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክሩ መሸፈኛዎች አሉ፤ ኤምቲኤ አለ፣ ባዮዴንቲን አለ፤ ሌላ ዘመን ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱ ዙሪያ ላስቲክ አስሬ፣ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ሁሉንም አነሳለሁ። ነርቩ ከተጋለጠ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የበረኪና ዘመድ ነው) የራሰ ጥጥ አደርግበታለሁ። ደሙ በጥቂት ደቂቃ ከቆመ እሸፍነዋለሁ። ካልቆመ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከላይ ቆርጬ እሞክራለሁ፤ ይህን ስዊድናዊው ስቬክ 1978 ላይ በተሰበሩ የልጆች የፊት ጥርሶች ያሳየው ነው፣ ከ60ው 58ቱ ድነዋል። አሁንም ካልቆመ በዘውዱ፣ ማለትም ከድድ በላይ ባለው ክፍል ያለውን ነርቭ በሙሉ አውጥቼ የሥሩን እተዋለሁ። ካናል የመጨረሻው ነው።

የመንጋጋ ጎረቤት
ዶክተር፣ ማይክሮስኮፕ ላክልንና እንስማማ! እኔ ጋ ባዮዴንቲን አንዳንዴ ገበያ ላይ ይጠፋል፤ ሲገኝም ካፕሱሉ ዋጋው ያስደነግጣል። ላስቲክ የማያስሩ ወንበሮች ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለበት ነርቩን ሆን ብሎ መግለጥ፣ ጎርፍ በሚያልፍበት በኩል በር እንደ መክፈት ነው። ደግሞ ያንተው አገር የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር 2023 ላይ ባወጣው መመሪያ ወደ ቁጥቡ አጠራረግ አድልቷል።

ኢንዶ ሜሪላንድ
ልክ ነህ፤ ሁለቱ ማኅበሮች እዚሁ አገር ቁጭ ብለው አይስማሙም። ላስቲኩ ላይ ግን አንድ ነን። 1965 ላይ አሜሪካኖች በአይጥ ያሳዩት አለ። ከጀርም ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦች ነርቫቸው ተበስቶ ክፍት ተተወ፤ ምግብ እየገባበት እንኳ ራሱን በአዲስ ዴንቲን ዘጋ። ተራዎቹ አይጦች ላይ ነርቩ ሞተ። ጠላታችን ምራቁ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ መበሳቱ ብቻውን ነርቩን አይገድለውም። እህታችን፣ የምትሄጂበት ቦታ «ላስቲክ ታስራላችሁ ወይ» ብለሽ ጠይቂ። ከዋጋው በፊት ጠይቂ።

ፎርማንም ነበርኩ
ይቺ ኤምቲኤ የምትሏት ከሲሚንቶ ነው የምትሠራ ሲሉ ሰምቼ ስቄ ነበር። እውነት ነው እንዴ? ሳይት ላይ ከረጢት ሙሉ አለኝ፤ ለሽሮሜዳ ሕዝብ በሙሉ ይበቃል።

የመንጋጋ ጎረቤት
እውነት ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው መሠረቱ። ካሊፎርኒያ፣ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ቶራቢኔጃድ የሚባል ሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ነው። ራጅ ላይ እንዲታይ ቢስመዝ ኦክሳይድ ጨመሩበት። ቢስመዙ ጥርስ ያጠቁራል፣ ስለዚህ የፊት ጥርስ ላይ እንሸሸዋለን። እንዳንተው ሲሚንቶ በርጥበት ነው የሚጠነክረው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። ባዮዴንቲን በ12 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። የጥርሱ ተጣርቶ፣ ጎጂ ብረት ወጥቶለት ነው የሚመጣው። ከረጢትህን ለኮለን ተወው።

ሳሊ ሪያድ
እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቀኝ መንጋጋዬ ከተቦረቦረ ዓመት አለፈው። ማዳሜ ፈቃድ የምትሰጠኝ በመከራ ነው። ሲብስብኝ ካገር ቤት ያመጣሁትን አሞክሳሲሊን እወስዳለሁ፤ ሦስት ቀን ያስተኛኛል። አሁን ሊያልቅብኝ ነው። ምን ልውሰድ?

የመንጋጋ ጎረቤት
እህቴ አይዞሽ። አሞክሳሲሊኑ የተቆጣ ነርቭ አያድንም። የደም ዝውውሩ በተጨናነቀበት ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሥራ አይሠራም። ያስተኛሽ ሕመሙ ራሱ ሲነሳና ሲተኛ ገጥሞልሽ ይሆናል። እብጠትና ትኩሳት ሲመጣ ነው ቦታ የሚኖረው፤ ያኔም ጥርሱ መታከም አለበት።

እስክትታከሚ ድረስ ለሕመሙ አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሳታልፊ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምሽ ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ እሱን ተይውና ፓራሲታሞል። ጣፋጩን ሻይ ቀንሺ። ፊትሽ ካበጠ፣ አፍሽን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ ግን ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ለማዳምሽ «ይህ ሰው ይገድላል» በያት። ድንገተኛ ክፍል ነው፣ በዚያኑ ሰዓት።

ሳሊ ሪያድ
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። አላበጠም። ሐሙስ ልጠይቃታለሁ።

የአዳማ ፍቅር
የኔ ጥርስ አልተቦረቦረም ግን ከልጅነቴ ቡናማ ነው፣ እሱስ ነርቭ ይነካል?

የመንጋጋ ጎረቤት
ያ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ነው፤ ነርቭ ጋ አይደርስም። ሌላ ክር ክፈትና እመጣለሁ፤ ይቺን አናጨናንቃት።

የአሽዶድ እናት
ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። የወተት መንጋጋዋ ተቦርቡሮ «ነርቩን ከላይ ብቻ አውጥተን የብረት ቆብ እናለብሳለን» አሉኝ። እዚህ እስራኤል እስከ 18 ዓመት ድረስ የልጆች ጥርስ በቁፓት ሆሊም (በጤና መድኑ) ስለሚሸፈን ገንዘቡ አላሳሰበኝም። ግን ይወድቅ የለ እንዴ? ለሚወድቅ ጥርስ ይሄ ሁሉ ምንድነው? ቤተሰብ አንድ ሆኖ «አስነቅይው» እያለኝ ነው።

የመንጋጋ ጎረቤት
የወተት መንጋጋ የሚወድቀው አሥር፣ አሥራ አንድ ዓመት አካባቢ ነው። አምስት ዓመት ታኝክበታለች። ቦታውንም ለቋሚው የሚጠብቅለት እሱ ነው፤ አሁን ከተነቀለ ጎረቤቶቹ ይጋደሙና ቋሚው መውጫ ያጣል። የብረት ቆቡ ጥሩ ነገር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ኖርና ሆል የምትባል የጥርስ ሐኪም ያለ መርፌ፣ ያለ መሰርሰሪያ፣ ብልሽቱን ሳታነሳ ቆቡን በሲሚንቶ ብቻ እያለበሰች ትሠራ ነበር። ሰው አላምን ብሏት ነበር፤ ሲመረመር ሠርቷል። ነርቩ ገና ካልታመመ ስለዚህም ጠይቂያቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ከኋላ በኩል ብቅ እያለ ያለውን ተመልከቺ። በስድስት ዓመት የሚወጣው መንጋጋ ከወተቱ ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ምንም ጥርስ ሳይወድቅለት። እናቶች የወተት ይመስላቸዋል። ያ የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው። ሥሩ አድጎ እስኪያልቅ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። እሱ ነርቩን አሁን ካጣ ሥሩ አጭርና ስስ ሆኖ ይቀራል። ነርቭ ማትረፍ ትርጉሙ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

የአሽዶድ እናት
ውይ! ከጀርባ አንድ አለ፤ የወተት ነው ብዬ ብሩሽም አላደርስበትም ነበር። ዛሬውኑ።

የሽሮሜዳዋ
ተመለስኩ። ተሠራልኝ!

ሦስት ቦታ ደውዬ «ላስቲክ ታስራላችሁ?» ስል ሁለቱ ምን እንደምል አልገባቸውም። ሦስተኛዋ ሳቀችና «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። እሷ ጋ ሄድኩ።

መጀመሪያ ጤነኛውን ጥርስ በቀዝቃዛ ጥጥ ነካችኝ። ቀጥሎ የታመመውን። «ሲያምሽ እጅሽን አንሺ፣ ሲተውሽ አውርጂ» ብላ ጮክ ብላ ቆጠረች። አራት ስትል አወረድኩ። መታችው፤ አላመመኝም። አዲስ ራጅ አነሳችኝና ሥሩ ጫፍ ላይ ያለውን አጥንት በጣቷ እያሳየች «ንጹህ ነው፤ እንሞክራለን። ካልሆነ እዚሁ ወንበር ላይ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ያ ቃል ደስ አለኝ።

ማደንዘዣ፣ ከዚያ አረንጓዴ ላስቲክ። ጥርሴ ብቻውን በቀዳዳው ብቅ አለ። በአፍንጫ መተንፈስ መጀመሪያ ያስጨንቃል፤ ይለመዳል። ዳር ዳሩን በመሰርሰሪያ ጨርሳ መሐሉን በእጅ በትንሽዬ ማንኪያ ትፍቅ ጀመር። ያረረ ድስት ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰማኝ። የወጣውን ነጭ ጨርቅ ላይ አሳየችኝ፤ ቡናማ፣ ርጥብ፣ እንደ አተላ ነው። ይህ ሁሉ አፌ ውስጥ ኖሮ!

ልትጨርስ ስትል «እእ» አለች። ልቤ ወረደ። የስፒል ራስ የምታክል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች አለችኝ፤ ለመተው ባሰበችበት ቦታ በኩል ሳይሆን ዳር ላይ ነው የተበሳው። ከዚያ በረኪና ሸተተኝ። ምላሴ ታስሮ መናገር አልችልም፣ በዓይኔ ለመንኳት። «አዎ የበረኪና ዘመድ ነው፤ ለጥርስ የተዘጋጀ፣ ላስቲኩም አለ፤ አትፍሪ» አለችኝ። ጥጡን አስቀምጣ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እኔም አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ሦስት ደቂቃ የለም። ስታነሳው ደሙ ቆሟል።

ካፕሱሉን ሳጥን ውስጥ አድርጋ ለግማሽ ደቂቃ አንቀጠቀጠችው፤ የስልክ ንዝረት ይመስላል። የተቦካ ዱቄት የሚመስል ነገር ጠቅጥቃ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሬዲዮ እየሰማን ቁጭ አልን። ከላይ ነጩን ሙሌት አድርጋ ጨረሰች። የተሰበረው ጎን ደካማ ስለሆነ ነርቩ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ከላይ እንደምትሸፍነው ነገረችኝ። ዋጋው መጀመሪያ ከተጠራልኝ ግማሽ አይሞላም።

ማታ ማደንዘዣው ሲለቅ ሁለት ቀን ያህል ትንሽ ጠዘጠዘኝ። አሁን የለም።

ኢንዶ ሜሪላንድ
ደሙ ቀይ ነበር? በሦስት ደቂቃ ቆመ? ቆንጆ። ጠቆር ብሎ ቢፈስ ወይም አልቆም ቢል ነበር ሐሳብ የሚያስቀይረው። የስድስት ወሩን ቀጠሮ እንዳትዘይው፤ ነርቭ አንዳንዴ ሳያም ዝም ብሎ ይሞታል።

ዝም ብዬ አንባቢ
ወንድሜን ገንዘብህን አስመልስ ብዬው ነበር። ደወልኩለትና ተው አልኩት።

ካዛንቺስ84
ላስቲኩ ምራቅ እንዴት ይዋጣል? ማለቴ ለጠቅላላ እውቀት ነው።

የሽሮሜዳዋ
ለጠቅላላ እውቀት ያህል፦ ይዋጣል። ቱቦም አለው። የትኛው ጥርስህ ነው?

ካዛንቺስ84
ከላይ በቀኝ። ከማኝክበት ጎን ነው እንግዲህ፣ ሌላ ጎን የለኝም። ሳምንት ሆነኝ፣ ትኩስ ሻይ ስጠጣ ይጀምርና ሩብ ሰዓት ይቆያል። ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ በረንዳ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጎንጭቼ ስቆም ተወኝ።

የመንጋጋ ጎረቤት
ወንድሜ፣ ትኩስ እያስነሳው ቀዝቃዛ የሚያስታግሰው ከሆነ ነርቩ መጨረሻው ላይ ነው። ያንተ ካናል ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ለመንቀል አትቸኩል፣ ሥሩ ደህና ከሆነ ጥርሱ ይተርፋል። ነገ ጠዋት ሂድ። ሦስተኛውን አስነቅለህ በምንህ ልታኝክ ነው?

ካዛንቺስ84
እሺ ዶክተር። የሽሮሜዳዋ፣ የሴትዮዋን አድራሻ በውስጥ መስመር።

የሽሮሜዳዋ
(ከስድስት ወር በኋላ) ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ዛሬ ቀጠሮዬ ነበር። ራጁ ንጹህ ነው። ቀዝቃዛውን ስታስነካኝ ቀዘቀዘኝ፤ ሁለት ስትል ጠፋ፤ ከጤነኛው ጎረቤቱ ጋር እኩል። በራጁ ላይ ከሙሌቱ ሥር የሆነ ነጭ መስመር አሳየችኝ፤ ነርቩ ራሱ የሠራው ግድግዳ ይመስላል አለች፤ እርግጠኛ ለመሆን ዓመት ሲሞላ ድጋሚ ታየዋለች። የሚሸፈነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ሳሊ ሪያድ
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የኔ ሳይተርፍ ቀረ፤ ሄጄ ሳሳየው ሞቷል አሉኝና ካናል ሠሩልኝ። ግን አልተነቀለም። ማዳሜ ራሷ ነች የወሰደችኝ።

ፎርማንም ነበርኩ
ቆሎ ጀመርሽ?

የሽሮሜዳዋ
በቀኝ በኩል። ሽምብራውን እየለቀምኩ ለእህቴ እሰጣታለሁ።